ጥምቀት ለመዳን ግድ ነው? «ግድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ወንበዴውስ?»

ስለ ጥምቀትና ስለ መዳን በተወራ ቁጥር ይህን የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው፣ በግእዙ ፈያታዊ ዘየማን የሚባለው ሰው እጁ ተቸንክሮ ነበር። ወንዝ አልወረደም። ውሃ ሲፈስበት ያየ የለም። እንዲያም ሆኖ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ደግሞ ወዲያው ማርቆስ 16፥16ን ይገልጣል፤ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል»። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቅስ መወራወር ነው።

እኔን ግን ይህ ጉዳይ የያዘኝ በክርክር መሀል አይደለም። ልጇ በተወለደ በጥቂት ቀኑ፣ ሳይጠመቅ የሞተባት አንዲት እናት ናት ያስያዘችኝ። ሰው ቀለል ሲልላት ጠጋ ብላ «ልጄ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ብዙ ጥቅስ በቃሌ አውቅ ነበር፤ አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ባውቀው ኖሮ የምለውን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። «ጥምቀት ለመዳን ግድ ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ነው። ክርስቶስ አዟል ወይ? ውሃው ምን ይሠራል? ሳይጠመቅ የሞተስ ምን ይሆናል? ሰው አንዱን ተጠይቆ ለሌላው ሲመልስ ነው መግባባት የሚጠፋው።

በመጀመሪያው ላይ ጠብ የለም ማለት ይቻላል። በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን «እያጠመቃችኋቸው» ብሎ ልኳል። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም ያጠምቃል። ከዚህ የወጡት ጥቂት ናቸው። ኩዌከሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሡ ጀምሮ በውሃ አያጠምቁም። ሳልቬሽን አርሚም በ1883 ትቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እነሱም ቢሆኑ ዋናው የመንፈስ ጥምቀት ነው ብለው እንጂ ትእዛዙን ንቀው አይደለም። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን «ጥምቀት አያድንም» ሲላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ «አያስፈልግም» እያለ አይደለም። ሁለቱ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። ይህን ብቻ ብንለይ እንኳ ግማሹ ሙግት ይቀላል።

ውሃው ምን ይሠራል?

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን ምሥጢር ይሉታል። በሚታየው ውሃ የማይታይ ጸጋ ይሰጣል ማለት ነው። ሰው እዚያ ውስጥ ከኃጢአቱ ይነጻል፣ ከእግዚአብሔር ይወለዳል፣ ልጅነትን ያገኛል። ዋናው መነሻቸው ጌታ በሌሊት ለመጣው ለኒቆዲሞስ የተናገረው ነው፤ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» (ዮሐንስ 3፥5)። ጴጥሮስም በበዓለ ሃምሳ ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ ንስሐ ግቡ፣ ኃጢአታችሁም ይሰረይ ዘንድ ተጠመቁ ብሏል። በመጀመሪያ መልእክቱ ደግሞ የኖኅን መርከብ ካነሣ በኋላ ጥምቀት አሁን ያድነናል ይላል። በ381 በቁስጥንጥንያ የጸናው የሃይማኖት መግለጫም አንዲት ጥምቀትን ከኃጢአት ሥርየት ጋር አያይዞ ነው የሚያስቀምጣት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ፕሮቴስታንት ጥምቀትን ምልክት ብቻ ነው ይላል» ይባላል። ሉተር ግን እንዲህ አላለም። የሉተራውያን የእምነት መግለጫ የሆነው የ1530ው የአውግስቡርግ ሰነድ በዘጠነኛው አንቀጹ ጥምቀት ለመዳን አስፈላጊ ነው ብሎ በግልጽ ያስተምራል። ሉተር በ1529 ባዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝም «ውሃ እንዴት ይህን ያህል ትልቅ ነገር ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅና፣ ውሃው ብቻውን አይደለም፤ ከውሃው ጋር ያለው የእግዚአብሔር ቃልና ያንን ቃል የሚያምን እምነት ነው ብሎ ይመልሳል። ከወንጌላውያኑም መሀል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተነሡት «የክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት» ሰው ኃጢአቱ የሚሰረይለት አምኖ ሲጠመቅ ነው ይላሉ። በኢየሱስ ስም ብቻ ከሚያጠምቁት ጴንጤቆስጤዎችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ያምናሉ። መስመሩ በቤተ እምነት ስም ቀጥ ብሎ አይሰመርም።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ መሪ ካልቪንን የተከተሉት ደግሞ ጥምቀትን ምልክትና ማኅተም ይሉታል። ባፕቲስቶችና አብዛኞቹ ወንጌላውያን ከዚያም አልፈው፣ ሰው አስቀድሞ በእምነት ይድናል፣ ጥምቀት ከዚያ በኋላ በሰው ፊት የሚሰጥ ምስክርነትና መታዘዝ ነው ይላሉ። እነሱም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ኤፌሶን 2፥8 መዳን በጸጋ፣ በእምነት እንደሆነ ይናገራል። ሮሜ 10፥9 በአፍ መመስከርንና በልብ ማመንን ብቻ ያነሣል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከእነሱ መሀል ያጠመቃቸውን ጥቂት ሰዎች ይቆጥርና፣ ክርስቶስ የላከኝ ለማጥመቅ ሳይሆን ወንጌልን ለመስበክ ነው ይላል። ውሃው የሚያድን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይል ነበር ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዮሐንስ 3 ያለውን «ውኃ»ም ከእነሱ አንዳንዶቹ የሥጋ ልደት ነው፣ ሌሎቹ በሕዝቅኤል 36 የተነገረው የመንጻት ውሃ ነው ብለው ይተረጉሙታል።

እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገን የሚወደው ጥቅስና የሚያልፈው ጥቅስ አለው። የሐዋርያት ሥራ 2፥38ን ውሰዱ። አንዳንዶች የግሪኩን «ኤይስ» («ለ» ወይም «ወደ») የሚለውን ቃል ይዘው «ኃጢአታችሁ ስለተሰረየ ተጠመቁ» ማለት ነው ይላሉ። ይህ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ያው ሐረግ ማቴዎስ 26፥28 ላይ አለ፤ ጌታ ደሙ ለኃጢአት ይቅርታ እንደሚፈስ ሲናገር። እዚያ «ኃጢአት ስለተሰረየ የፈሰሰ» ብሎ የሚያነብ የለም። በሌላ በኩል ማርቆስ 16፥16 ላይ ሁሉን ነገር መገንባትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለተኛው አጋማሽ የሚፈረድበት «ያላመነ» ነው ይላል እንጂ «ያልተጠመቀ» አይልም። በዚያ ላይ የምዕራፉ መጨረሻ፣ ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት በሲናና በቫቲካን ጥንታውያን ቅጂዎች ውስጥ የለም።

ለሁለቱም ወገን የማይመቸው ታሪክ የቆርኔሌዎስ ነው። ጴጥሮስ በዚህ ሮማዊ መቶ አለቃ ቤት ቆሞ እየሰበከ ነው። ንግግሩን ሳይጨርስ መንፈስ ቅዱስ በሰሚዎቹ ላይ ወረደ። አንድ ጠብታ ውሃ ገና አልነካቸውም። እንግዲህ «ጸጋ የሚመጣው በውሃው ብቻ ነው» ለሚል ሰው ይህ ከባድ ነው። ግን ጴጥሮስ ቀጥሎ ያደረገውን እዩ። «መንፈሱን ካገኙማ ውሃው ምን ያደርጋል?» አላለም። እነዚህ እንዳይጠመቁ ውሃን ማን ይከለክላቸዋል ብሎ እንዲጠመቁ አዘዘ። ከእሱ ሁለት ምዕራፍ ቀድሞ ደግሞ ሲሞን ጠንቋዩ አለ። አመነ፣ ተጠመቀ ይላል። ወዲያው የመንፈስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ ልብህ የቀና አይደለም አለው። ውሃው ነክቶታል፤ ልቡ ግን እዚያው ነበር።

«ድኛለሁ» እና «እድናለሁ»

አንዱ ወንድም «ጌታን ተቀብዬ ድኛለሁ» ይላል። ሌላው ይህን ሲሰማ ይከፋል፤ «እንዴት ነው ገና ሩጫህን ሳትጨርስ ድኛለሁ የምትለው?» ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቃል ይመስላቸዋል። ቃሉ አንድ ቢሆንም እያንዳንዳቸው የሚያስቡት ነገር ግን ሌላ ነው።

በአዲስ ኪዳን ውስጥ መዳን በሦስቱም ጊዜ ይነገራል። ኤፌሶን 2 ላይ አልቆ የተፈጸመ ነገር ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ላይ እየሆነ ያለ ነገር ነው። ሮሜ 5 ላይ ደግሞ ገና የሚመጣ። መዳንን አንድ ሰው በእግዚአብሔር ፊት «ጻድቅ ነህ» የሚባልበት ቅጽበት አድርጋችሁ ካያችሁት፣ ጥምቀት ከዚያ ቅጽበት በኋላ የሚመጣ ምስክር ይሆናል። መዳንን ከክርስቶስ ጋር አንድ ሆኖ እስከ ፍጻሜ የማደግ ሕይወት አድርጋችሁ ካያችሁት ደግሞ፣ ጥምቀት የዚያ ሕይወት ልደት ነው። ያልተወለደ እንዴት ያድጋል? ስለዚህ ጠቡ ስለ ውሃ ከመሆኑ በፊት ስለ መዳን ትርጉም ነው። ይህን ሳይነጋገሩ ጥቅስ መቁጠር ድካም ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። በሐዋርያት ዘመን ማመንና መጠመቅ መሀል ክፍተት አልነበረም። የፊልጵስዩስ እስር ቤት ጠባቂን አስቡት። እኩለ ሌሊት ላይ ምድር ተናወጠች፣ የወህኒው በሮች ተከፈቱ። እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፍ መዘዘ። ጳውሎስ ጮኾ አስቆመው። እየተንቀጠቀጠ «እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?» አለ። መልሱ «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን» የሚል ነበር፤ ስለ ውሃ አልተነገረውም። ግን በዚያችው ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የእነ ጳውሎስን ቁስል አጠበና ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ። እሱን «የዳንከው ስታምን ነው ወይስ ስትጠመቅ?» ብትሉት ጥያቄው የሚገባው አይመስለኝም። ለእሱ ያ ሌሊት አንድ ነገር ነው።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም እንዲሁ ነው። በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ጥምቀትን ያነሣው ግን ጃንደረባው ራሱ ነው፤ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ማንም አላስገደደውም፤ የሚከለክለው ነገር እንዳይኖር ነው የጠየቀው።

ክፍተቱ የመጣው በኋላ ነው። ሕፃን ሲጠመቅ ጥምቀቱ ይቀድምና የራሱ እምነት ይከተላል። አዋቂ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲማር እምነቱ ይቀድምና ጥምቀቱ ይዘገያል። «የትኛው ነው ያዳነኝ?» የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። አንድ የነበረውን ነገር ለሁለት ከፍለን አሁን የትኛው ግማሽ ነው ዋናው እያልን እንከራከራለን።

ክርክሩ ደም ያፋሰሰበት ጊዜም ነበር። ፊሊክስ ማንዝ የተባለው ሰው፣ ጥምቀት ለሚያምን አዋቂ እንጂ ለሕፃን አይደለም በማለቱና አዋቂዎችን እንደገና በማጥመቁ፣ በጥር 1527 ዙሪክ ውስጥ ሊማት ወንዝ ውስጥ አስጥመው ገደሉት። ፍርዱን የሰጡት ራሳቸው ከሮም የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል።

ውሃው ሳይደርስ ሲቀር

ሦስተኛው ጥያቄ የዚያች እናት ጥያቄ ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር ቶሎ ነው የተገናኘችው። ገና እየተማሩ ያሉ ንኡሰ ክርስቲያን በስደት ጊዜ ሳይጠመቁ ይገደሉ ነበር። 200 አካባቢ የጻፈው ጠርጡልያኖስ ሰማዕትነትን ሁለተኛ ጥምቀት ብሎታል፤ በደም የሆነ ጥምቀት። ውሃ ያላገኘውን ሰማዕት «ጠፋ» ያለ የለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ብዙ ሰው ጥምቀትን ሆን ብሎ ያዘገይ ነበር። ጥምቀት ኃጢአትን ሁሉ ያጥባል፣ የሚሆነውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይቆይ የሚል ስሌት ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲቃረብ ነው። እንዲህ ሲዘገይ ታዲያ የሚቀደምም ይኖራል።

ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቫለንቲንያኖስ ተቀደመ። በ392 በጎል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) ሳለ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስዮስን መጥተህ አጥምቀኝ ብሎ ልኮበት ነበር። አምብሮስዮስ መንገድ ጀመረ። ሳይደርስ የንጉሡ ሞት ተሰማ። ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነበር። አስከሬኑ ወደ ሚላን መጣ፤ እህቶቹ ሳይጠመቅ መሞቱ ከሞቱ በላይ አንገበገባቸው። አምብሮስዮስ በቀብሩ ላይ ቆሞ ለእነሱ ተናገረ። የንግግሩ ሐሳብ ይህ ነው፤ ከመፈለግና ከመለመን በቀር በእጃችን ያለው ምንድን ነው? እሱ ፈልጓል፣ ለምኗል፤ ስለዚህ የለመነውን አግኝቷል። ሰማዕታት በደማቸው ከታጠቡ፣ እሱንም እምነቱና ፈቃዱ አጥበውታል።

ይህን የተናገረው ጥምቀትን የሚያቃልል ሰው አይደለም። ስለ ምሥጢራት ብዙ የጻፈ፣ ታላቁን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስን ራሱን ያጠመቀ ጳጳስ ነው። በኋላ «የምኞት ጥምቀት» የተባለው ትምህርት ከዚህ ዓይነት ቦታ ነው የወጣው። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ በ1547 ጥምቀት ለመዳን ግድ አይደለም የሚለውን አወገዘ፤ ግን ያው ጉባኤ ስለ ጽድቅ ሲያስተምር «ጥምቀት ወይም የእሱ ምኞት» ብሎ ጽፏል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ካቴኪዝም በግልጽ አስቀምጦታል፤ እግዚአብሔር መዳንን ከጥምቀት ጋር አስሯል፣ እሱ ራሱ ግን በምሥጢራቱ አይታሰርም። ከሌላኛው ወገን ካልቪንን የተከተሉት በ1646 የጻፉት የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም ጥምቀትን መናቅ ታላቅ ኃጢአት ነው ይልና፣ ያለ እሱ ማንም አይድንም እስከማለት ግን ጸጋ አልተቆራኘበትም ይላል። በቃላቸው የሚጣሉ ሁለት ወገኖች እዚህ ጫፍ ላይ ይቀራረባሉ።

በሕፃናት ላይ ግን ነገሩ ከብዷል። ሕፃን አይመኝም፣ አይለምንም። አውግስጢኖስ የአዳም ኃጢአት ወደ ልጆቹ አልተላለፈም ከሚሉት ከጴላግዮስ ተከታዮች ጋር ሲሟገት፣ ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም ከቅጣት አያመልጡም አለ። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ይህ ከበዳቸውና «ሊምቦ» የሚሉትን፣ ሥቃይ የሌለበት ግን እግዚአብሔርን የማያዩበት ስፍራ አሰቡ። ሊምቦ የቤተ ክርስቲያን ዶግማ ሆኖ አያውቅም። በ2007 የቫቲካን ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ባወጣው ጽሑፍ፣ ለእነዚህ ሕፃናት መዳንን ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ብሏል። በምሥራቅ ደግሞ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ገና በ4ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉት አይከብሩም፣ አይቀጡምም ብሎ ነበር፤ ክፋት አልሠሩምና።

ያው ፍርሃት ሁለት ተቃራኒ ልማድ ወልዷል። ካቶሊኮች ሕፃን ሊሞት ሲል ማንም ሰው፣ ራሱ ያልተጠመቀ እንኳ ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ በሥላሴ ስም ቢያጠምቅ ይሆናል ይላሉ። ጥምቀትን እጅግ ግድ ያሉት ሰዎች በሩን ይህን ያህል አስፍተውታል። ካልቪን በተቃራኒው አዋላጆች በጥድፊያ እንዳያጠምቁ ከለከለ። ምክንያቱ ጭካኔ አልነበረም። የሚያምኑ ወላጆች ልጅ ሳይጠመቅም በእግዚአብሔር ኪዳን ውስጥ ነው፣ ለምን ትጣደፋላችሁ የሚል ነው።

እኔ የደረስኩበትን ልናገር። ጥምቀት ክርስቶስ ያዘዘው በር ነው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ «ወንበዴው ሳይጠመቅ ገብቷል» የሚል ሰው ወንበዴውን አያውቀውም። ወንበዴው ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ የቀረው ምላሱ ብቻ ነበር፣ በእሱ ለመነ። ውሃ በደጁ ላለ፣ ጊዜም ላለው ሰው ታሪኩ ምክንያት አይሆንም። በሌላ በኩል፣ ውሃው ሳይደርስለት በሞተ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት ከእኛ መሀል የተሾመ የለም። አውግስጢኖስ እንኳ ወንበዴውን ሳይጠመቅ ለዳነ ሰው ምሳሌ አድርጎ ከጻፈ በኋላ፣ በስተርጅናው ሥራዎቹን ሲያርም፣ ቀድሞ ተጠምቆ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ ብሎ ራሱን አርሟል።

ያቺን እናት ዛሬ ባገኛት ከሊምቦም ከትሬንትም አልጀምርም። ስለ ቫለንቲንያኖስ እህቶች እነግራታለሁ። ከዚያ እሷ ራሷ ነግራኝ የነበረውን አስታውሳታለሁ። የሚጠመቅበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ነጩን ልብስ ገዝታለት ነበር። የክርስትና ስሙንም መርጣ ጨርሳለች፤ ያን ቀን ማን ልትይው ነበር ብዬ አልጠየቅኳትም።